ቁስልን ከፈላ ዘይት የታደገው ፈረንሳዊ

በ16ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ በጥይት የቆሰለ ወታደር ሌላ ስቃይ ይጠብቀው ነበር። የባሩድ ቁስል መርዛማ ነው ተብሎ ይታመን ስለነበር ሐኪሞች የፈላ ዘይት ያፈሱበት ነበር።

ያኔ ቀዶ ሕክምና የፀጉር አስተካካዮችም ሙያ ነበር። ከእነርሱ አንዱ አምብሯዝ ፓሬ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1530ዎቹ፣ በጣሊያን ቱሪን ዘመቻ ላይ ሳለ ዘይቱ አለቀበት። በምትኩ ከእንቁላል አስኳል፣ ከጽጌረዳ ዘይትና ተርፔንታይን ከተባለ የዛፍ ሙጫ ቅባት አዘጋጀ።

ቁስለኞቹ በመርዝ ይሞታሉ ብሎ በመስጋቱ እንቅልፍ አልወሰደውም። ማለዳ ሲጎበኛቸው ግን ቅባት የተደረገላቸው ብዙም ሳይሰቃዩ አድረዋል፤ ዘይት የፈሰሰባቸው ትኩሳትና እብጠት በርትቶባቸዋል። ቁስል የሚሽረው በዙሪያው ያለው ጤነኛ ሥጋ ሲያገግም ነው፤ የፈላው ዘይት ግን ያንኑ ሥጋ ይገድለው ነበር።

ፓሬ ላቲን ስለማያውቅ ግኝቱን በ1545 በፈረንሳይኛ አሳተመ። ኋላም እጅ ወይም እግር ሲቆረጥ ደም ሥርን በጋለ ብረት ከመተኮስ ይልቅ በክር ማሰርን አስፋፋ። አራት ነገሥታትን በሐኪምነት አገልግሎ በ1590 ፓሪስ ውስጥ አረፈ።