የቻርሊ ፓርከር ሳክስፎን፤ ከመያዣ ቤት እስከ ሐራጅ

በሴፕቴምበር 1994 ለንደን ከተማ ውስጥ ክሪስቲ በተባለው ስመ ጥር የሐራጅ ቤት አንድ የፕላስቲክ ሳክስፎን ለጨረታ ቀረበ። አካሉ የወተት ቀለም ያለው፣ ቁልፎቹ ነሐስ የሆኑ፣ ሲያዩት የልጅ መጫወቻ የሚመስል ዕቃ ነው። የለንደኑ ሳክስፎን ተጫዋች ፒተር ኪንግ ነፍቶ አሰማው። ጨረታው ሲዘጋ 93,500 ፓውንድ አወጣ። ግራፍተን የሚባለው ይህ ዓይነት ሳክስፎን በ1950 ገበያ ላይ ሲውል ዋጋው 55 ፓውንድ ነበርና፣ 1,700 እጥፍ ዋጋ አወጣ ማለት ነው። በመሥሪያው በኩል ከሌሎቹ ግራፍተኖች የሚለይበት ነገር የለም። የሚለየው የነፋው ሰው ነው። ያ ሰው ቻርሊ ፓርከር ይባላል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ቻርሊ ፓርከር ኦገስት 29 ቀን 1920 በካንሳስ ክፍለ ግዛት ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ተወለደ። ያደገው ግን የክፍለ ግዛቱን ወሰን ተሻግሮ፣ ሚዙሪ ውስጥ ባለችው በሌላይቱ ካንሳስ ሲቲ ነው። አባቱ ቤት የማይገኙ ሰው ስለ ነበሩ ያሳደጉት እናቱ ወይዘሮ አዲ ናቸው። ወይዘሮ አዲ ሌሊት ሌሊት ቢሮ እያጸዱ ከሚያገኙት ገንዘብ ቆጥበው ለአንድ ልጃቸው አሮጌ አልቶ ሳክስፎን ገዙለት። ያን ጊዜ ካንሳስ ሲቲ መጠጥ ቤቶቿ እስኪነጋ የማይዘጉባት፣ ሙዚቀኞች ከሥራ በኋላ ተሰባስበው አንዱ ሌላውን ለመብለጥ የሚጫወቱባት ከተማ ነበረች። ልጁም ትምህርቱን ትቶ ገና 16 ዓመት ሳይሞላው ርብቃ ሩፊን የተባለች ልጅ አገባ፤ ሌሊቱን በየመጠጥ ቤቱ በራፍ ማሳለፍ ጀመረ።

በዚያው በ1936 ሬኖ ክለብ ገብቶ ከትልልቆቹ ጋር ለመጫወት ሲሞክር ዜማው ጠፋበት። ድራም መቺው ጆ ጆንስ ከድራሙ ላይ የናሱን ሳህን ነቅሎ ወለሉ ላይ ወረወረለት፤ ከመድረክ ውረድ ማለቱ ነበር። ልጁ በሳቅ ታጅቦ ወጣ። በሚቀጥለው የክረምት ዕረፍት ኦዛርክ ወደ ተባለው ተራራማ የመዝናኛ አገር ለሥራ ሄደና የሌስተር ያንግን ሸክላዎች አብሮ ወሰደ። እየደጋገመ ሰምቶ ኖታ በኖታ አጠናቸው። ሲመለስ የሚስቅበት አልተገኘም።

ከዚህ ቀደም ሲል ግን ወደዚያው ኦዛርክ ለሥራ ሲጓዝ የመኪና አደጋ ደርሶበት ነበር። ከባልደረቦቹ አንዱ ሲሞት እሱ ጎድኑ ተሰበረ፣ አከርካሪውም ተጎዳ። ለሕመሙ ማስታገሻ የተሰጠው መድኃኒት ወደ ሄሮይን እንዳደረሰው ብዙዎች ይናገራሉ። በየትኛውም መንገድ ይምጣ፣ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ሱሰኛ ሆኖ ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው ሕይወቱ የሁለት ነገሮች ታሪክ ነው፤ የሳክስፎንና የመያዣ ቤት። ገንዘብ ሲያጣ መሣሪያውን ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ወደሚያበድር ሱቅ ይወስዳል። ሥራ ሲያገኝ ያስለቅቃል፤ ካልሆነም ከጓደኛ ይዋሳል። በእንጨት ነጥብ ሳይሆን በሰው እስትንፋስ የሚናገር መሣሪያ እንደ ጫማ ተለምዶ የራስ ይሆናል ይላሉ ነፊዎች። ፓርከር ግን የማንንም ቢያነሣ ድምፁ የራሱ ነበር።

በ1939 ወደ ኒው ዮርክ ሄዶ ሐርለም ውስጥ አንድ ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ ሆነ። በዚያ ቤት ፒያኖ የሚጫወተው አርት ታተም ስለ ነበረ፣ እጁ ውኃ ውስጥ ሆኖ ጆሮው ወደ ፒያኖው እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም። ከዚያ በጄይ ማክሻን ባንድ ገባ። በርድ፣ ማለትም ወፍ የሚለውን ቅጽል ስም ያገኘውም በዚያ ዘመን ነው። በጉዞ ላይ መኪናቸው አንዲት ዶሮ ገጭቶ ሲያልፍ አስቁሞ ወርዶ ዶሮዋን አንሥቶ ለራት አሠራት ይባላል።

በ1945 ከመለከት ነፊው ከዲዚ ጊሌስፒ ጋር ያስቀዳቸው ሸክላዎች ጃዝን ለሁለት ከፈሉት። ቢቦፕ የተባለው ይህ አጨዋወት የሚጨፈርበት ሳይሆን ተቀምጠው የሚያዳምጡት፣ እጅግ ፈጣን፣ ከታወቀ ዘፈን ሥር ያለውን አካሄድ ይዞ በላዩ አዲስ ዜማ የሚፈጥር ነው። ከትልልቆቹ ጃዝ ነፊዎች መካከል ያልወደዱትም ነበሩ። በአሥር ዓመት ውስጥ ግን ሁሉም እሱን ለመምሰል ይነፋ ነበር፤ አንዳንዶቹም በሚያሳዝን ሁኔታ በሄሮይኑ ጭምር።

በዚህ ጊዜ ያገኘው ገንዘብ እጁ ላይ አልቆየም። በ1946 ሎስ አንጀለስ ሳለ ዳያል ከተባለው የሸክላ ኩባንያ ከሚያገኘው ድርሻ ግማሹን ሄሮይን ለሚሸጥለት ሰው በፊርማው አሳልፎ ሰጠ። በጁላይ ወር እዚያው ታሞ እየተንገዳገደ ከቀዳ በኋላ፣ በዚያው ሌሊት ያረፈበት ሆቴል ክፍል በእሳት ተያያዘ፤ ተይዞም ካማሪሎ ወደ ተባለው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ገባ። ስድስት ወር ያህል ቆይቶ ሲወጣ ከምን ጊዜውም የተሻለ ተጫወተ። በ1949 በዓሉን ለማክበር ፓሪስ ሄዶ እንደ ንጉሥ ተቀበሉት። በዚያው ዓመት በዲሴምበር ኒው ዮርክ ላይ በስሙ በርድላንድ የተባለ ክለብ ተከፈተ። በ1951 ደግሞ የከተማው ፖሊስ በክለብ የመጫወት ፈቃዱን ነጠቀው። ስሙ በራፉ ላይ የተጻፈበት ሰው በከተማው ክለቦች መሥራት ተከለከለ ማለት ነው።

የፕላስቲኩ ሳክስፎን ታሪክ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሜይ 15 ቀን 1953 ቶሮንቶ ውስጥ ማሲ ሆል በተባለው አዳራሽ ፓርከር፣ ጊሌስፒ፣ ባድ ፓወል፣ ቻርልስ ሚንገስና ማክስ ሮች አብረው ተጫወቱ። በዚያው ምሽት ማርሲያኖና ዋልኮት ለከባድ ሚዛን ቦክስ ሻምፒዮና ይጋጠሙ ስለ ነበር አዳራሹ አልሞላም። ፓርከር የቀረበው ያንኑ ነጭ ግራፍተን ይዞ ነው። የሚያዳምጥ ሰው ፕላስቲክ መሆኑን አያውቅም። ሸክላው ሲወጣ ከሌላ ኩባንያ ጋር ውል ስለ ነበረው በስሙ ፈንታ ቻርሊ ቻን ተብሎ ተጻፈ። ቻን አብራው የምትኖረው ሴት ስም ነው።

ከቻን ሪቻርድሰን ጋር በሕግ አልተጋቡም፤ ሁለት ልጆች ግን ወልደዋል። በማርች 1954 እሱ ካሊፎርኒያ ሳለ ሴት ልጃቸው ፕሪ 3 ዓመት ሳይሞላት ሞተች። በዚያ ሌሊት በተከታታይ ቴሌግራም ላከ፤ እያንዳንዱ ከፊተኛው ይበልጥ የተዘበራረቀ ነው። ቻን ቴሌግራሞቹን አልጣለቻቸውም፤ ቆይቶም አሳተመቻቸው። ከልጁ ሞት በኋላ ፓርከር አልተጠገነም። ማርች 12 ቀን 1955 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንዲት ባሮኒስ የሆቴል መኖሪያ ቴሌቪዥን እያየ ሞተ። ሬሳውን ያየው ሐኪም ዕድሜውን ከሃምሳ በላይ ገመተው። የ34 ዓመት ሰው ነበር።

ጸሎቱ የተደረገው ሐርለም ውስጥ በአቢሲኒያን ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ነው። ስሙ እኛን ያስቆመናል። ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1808 የተመሠረተች ስትሆን፣ እሷው እንደምትተርከው ከመሥራቾቿ መካከል ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ነበሩ። በለቅሶው ጊዜ ግን ሰላም አልነበረም። ፓርከር ከቻን በፊት ዶሪስ ሲድነር የተባለች ሴት አግብቶ ነበርና ሬሳውን ማን ይረከብ፣ የት ይቀበር፣ ከሸክላው የሚገኘው ገንዘብ የማን ይሁን በሚለው ላይ ክርክር ተነሣ። ቻን ወደ ካንሳስ ሲቲ መመለስ እንዳልፈለገ ብትናገርም እናቱ ወዳሉበት ተወሰደ። የውርሱ ሙግት ለዓመታት ቀጠለ።

ቻን ከጊዜ በኋላ ሳክስፎን ነፊውን ፊል ዉድስን አግብታ ወደ ፈረንሳይ ሄደች፤ ትዳሩ ቢፈርስም እዚያው ቀረች። ግራፍተኑ አብሯት ከረመ። በ1994 ከሌሎች የፓርከር ዕቃዎች ጋር ለሐራጅ ስታወጣው መሸጧን የነቀፉ ነበሩ። በእኛም ዘንድ የሟች ልብስ ለነዳያን ይሰጣል እንጂ ወደ ገበያ አይወጣም። ነገር ግን የሠራውን ሁሉ በመያዣ ሲያስይዝ ከኖረ ሰው ቤት አንድ ሳክስፎን ለ39 ዓመት ሳይሸጥ መቆየቱ የእሷ ጥበቃ ውጤት ነው። ሐራጅ ቤትም የሚሸጠው ይህንኑ ነው፤ ዕቃው ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ በማን እጅ እንደ ቆየ ከታወቀ ዋጋ አለው፤ ካልታወቀ ተራ ፕላስቲክ ነው።

የገዛው ሀብታም ሰብሳቢ አልነበረም። በከንቲባው በኢማኑኤል ክሊቨር ዘመን የካንሳስ ሲቲ ከተማ ነው የገዛው። በሕዝብ ገንዘብ ለአንድ የፕላስቲክ መሣሪያ ይህን ያህል መክፈል ክርክር የሚያስነሣ ነገር ነው። እኔ በበኩሌ ከተማው ያተረፈ ይመስለኛል፤ ሳህን የተወረወረበትን ልጅ መሣሪያ ሌላ አገር ወስዶ ቢያኖረው ኖሮ ዛሬ በምን ገንዘብ ይመለሳል? በ1997 የጥቁሮች ሰፈር በነበረው በ18ኛውና በቫይን መንገዶች መገናኛ የጃዝ ሙዚየም ተከፈተ፤ ግራፍተኑም እዚያ በመስተዋት ውስጥ ተቀመጠ። ስሙ የተቀረጸበት ሌላው ሳክስፎኑ፣ በ1947 የተሠራው ኪንግ፣ ዋሽንግተን በሚገኘው የአፍሪካ አሜሪካውያን ታሪክና ባህል ሙዚየም ይዞታ ውስጥ ነው።

መቃብሩ ከከተማው ወጣ ብሎ በሊንከን መካነ መቃብር ከእናቱ ጎን ይገኛል። ድንጋዩ ላይ ሳክስፎን ተቀርጿል። የተቀረጸው ግን እሱ ይነፋው የነበረው አልቶ ሳይሆን፣ የእኛው ጌታቸው መኩሪያ ይሸልልበት የነበረው ዓይነት ቴነር ነው።