የመሠረቱን ጉድጓድ የጻፈው መሐንዲስ

ቤት የሚሠራ ሰው አስቀድሞ መሠረት ይቆፍራል። ነገር ግን ጉድጓዱ እየሰፋ ሄዶ ቤቱ ሳይቆም ቢቀር፣ ሊኖርበት የታሰበውም ሰው በሕይወት ባይገኝ፣ የቆፋሪው ድካም ለማን ሆነ? ይህን ጥያቄ በልብ ወለድ ያቀረበውን የሩሲያ ደራሲ የአንድሬይ ፕላቶኖቭን ታሪክ በዛሬው ገጻችን ባጭሩ ልንተርክ ወደድን። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ፕላቶኖቭ በ1899 ዓ.ም. በቮሮኔዥ ተወለደ። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ቤተሰቡ ብዙ፣ ኑሮውም የድኻ ስለ ነበረ፣ የበኵር ልጅ የሆነው አንድሬይ ገና በልጅነቱ ሥራ ገባ። ከአብዮቱ በኋላ የኤሌክትሪክ ሙያ እየተማረ በጋዜጣ ላይ ይጽፍ ጀመር። በ1921 ዓ.ም. ግን ድርቅ ሆኖ ሕዝቡ በረኀብ ሲያልቅ ባየ ጊዜ፣ ብዕሩን ወደ ጎን ትቶ መሬት ወደ ማልማት ሥራ ገባ። በተወለደበት አውራጃ በእርሱ ተቈጣጣሪነት ከ700 በላይ ኩሬዎች ተቆፈሩ፤ የውሃ ጉድጓዶች ወጡ፤ 3 የገጠር መብራት ጣቢያዎችም ተሠሩ። እንግዲህ ስለ ቁፋሮ የጻፈው በወሬ ሰምቶ አይደለም።

«የመሠረት ጉድጓድ» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈው በ1929 እና በ1930 ዓ.ም. የሶቪየት መንግሥት ገበሬውን በግድ ወደ ኅብረት እርሻ በሚያስገባበት ጊዜ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ ቮሽቼቭ የሚባል ሰው በሥራ ሰዓት ያስባል ተብሎ ከፋብሪካ ይባረራል፤ ሲንከራተትም ከአንድ የቁፋሮ ሥፍራ ይደርሳል። በዚያ ጉልበተኛው ቺክሊን፣ ኑሮ የሰለቸው መሐንዲስ ፕሩሼቭስኪ፣ እግር የሌለው ዣቼቭ፣ ሌሎችም ከየአቅጣጫው የመጡ ሰዎች ተገናኝተዋል። የሚቆፍሩት ላብ አደሩ ሁሉ ባንድነት ለሚኖርበት ታላቅ ቤት መሠረት ነው። ቺክሊን እናቷ የሞተችባትን ናስታያን አግኝቶ ያመጣታል፤ እነርሱ የማይደርሱበትን ደግ ዘመን የምታየው እርስዋ ናት ብለውም ይንከባከቧታል።

የአለቆቹ ትእዛዝ ግን ጉድጓዱን ያሰፋዋል እንጂ ቤቱን አያቆመውም። በአቅራቢያው ባለው መንደር ደግሞ ሀብታም የተባሉት ገበሬዎች በግንድ ታንኳ ተጭነው በወንዝ ይሰደዳሉ። በመጨረሻ ሕፃኗ ታማ ትሞታለች። ቺክሊንም መቃብሯን አጥልቆ ይቆፍራል፤ ተፈጽሞ የምናየው ሥራ ይህ መቃብር ብቻ ነው።

መጽሐፉ ደራሲው በሕይወት ሳለ አልታተመም። በ1931 ዓ.ም. ስለ ኅብረት እርሻ የጻፈው ሌላ ታሪክ ስታሊንን ስላስቈጣው፣ የማተሚያ ደጆች ለብዙ ጊዜ ተዘጉበት። በ1938 ዓ.ም. የ15 ዓመት ልጁ ታሰረ፤ ከእስር ሲመለስም የሳንባ ነቀርሳ ይዞት ነበርና በ1943 ዓ.ም. ሞተ። አባትየው ሲያስታምመው በሽታው ተላለፈበት። ያም ሆኖ በጦርነቱ ዘመን የሠራዊቱ ጋዜጣ ወኪል ሆኖ ከግንባር ይጽፍ ነበር። በጥር 1951 ዓ.ም. በ51 ዓመቱ ሞስኮ ውስጥ አረፈ። «የመሠረት ጉድጓድ» በውጭ አገር በ1969፣ በገዛ አገሩ ግን በ1987 ዓ.ም. ታተመ።

ፕላቶኖቭ የሥራ ጠላት እንዳልነበረ ያስቈፈራቸው ኩሬዎች ይመሰክራሉ። ኩሬውን ያስቈፈረው የተጠማ ሰው ስላየ ነበር፤ በልብ ወለዱ ያሉት አለቆች ግን የጉድጓዱን ስፋት ሲለኩ ሕፃኗን ረሷት። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ዕቅድ የምታወጡ፣ ሥራ የምትቈጣጠሩ ወጣቶች ይህን መጽሐፍ ብታነቡት ደግ ነው እንላለን። የተቆፈረውን ሜትር በመዝገብ ስታሰፍሩ፣ ቤቱ ለማን እንደሚሠራና ያ ሰው እንዴት እንደ ሰነበተ አብራችሁ ትጠይቁ ዘንድ ያሳስባችኋል።