መርከበኛው ደራሲ ጆሴፍ ኮንራድ

ከእንግሊዝኛ ቋንቋ ታላላቅ ደራሲዎች አንዱ የሆነው ጆሴፍ ኮንራድ ሃያ ዓመት እስኪሞላው ድረስ በዚህ ቋንቋ መነጋገር አይችልም ነበር። ትምህርታችንን በባዕድ ቋንቋ ለምንከታተል ተማሪዎች፥ እርሱ እንግሊዝኛን ለምንና እንዴት እንደ ተማረ ማወቅ ይጠቅመናል። ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ኮንራድ በ1857 ዓ.ም. ዛሬ በዩክሬን በምትገኘው በበርዲቺቭ ከተማ ከፖላንዳውያን ወላጆች ተወለደ። በዚያን ጊዜ አገሩ በሩሲያ ንጉሠ ነገሥት ግዛት ሥር ነበረ። አባቱ ባለቅኔና ተርጓሚ ሲሆን፥ ስለ ፖላንድ ነጻነት በመታገሉ በ1862 ዓ.ም. ከነቤተ ሰቡ ወደ ሰሜን ሩሲያ ተጋዘ። እናቱ በ1865፥ አባቱም በ1869 ዓ.ም. በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ። ልጁም በዐሥራ አንድ ዓመቱ ወላጅ አልባ ሆኖ በአጎቱ ረዳትነት አደገ።

በ1874 ዓ.ም. ማርሴይ ወደምትባለው የፈረንሳይ ወደብ ሄዶ መርከበኛ ሆነ። ፈረንሳይኛን ከልጅነቱ ስለሚያውቅ በዚያ አልተቸገረም። ዳሩ ግን የሩሲያ ዜጋ ስለ ነበረ፥ ያለ ሩሲያ ባለሥልጣኖች ፈቃድ በፈረንሳይ መርከቦች መሥራት ተከለከለ። የእንግሊዝ መርከቦች ግን ይህን ፈቃድ አይጠይቁም ነበር። ስለዚህ በ1878 ዓ.ም. በእንግሊዝ መርከብ ተቀጥሮ ሎውስቶፍት በሚባለው ወደብ ወረደ። እንግሊዝኛን የተማረው ለክብር ሳይሆን እንጀራውን ለማግኘት ነው።

የመጀመሪያዎቹ መምህሮቹ በሎውስቶፍትና በኒውካስል መካከል በምትመላለስ ትንሽ መርከብ ላይ አብረውት የሚሠሩት ባሕርተኞች ነበሩ። ጋዜጣና መጻሕፍትም እያነበበ ዕውቀቱን አሰፋ። በ1880 ዓ.ም. የሁለተኛ መኰንንነትን ፈተና አለፈ። በአንደኛ መኰንንነትና በመርከብ አዛዥነት ፈተናዎች ግን በመጀመሪያ ወድቆ፥ እንደገና ተፈትኖ አንዱን በ1884 ሌላውን በ1886 ዓ.ም. አለፈ። በዚያው በ1886 ዓ.ም. የእንግሊዝ ዜግነት አገኘ።

በ1889 ዓ.ም. የመጀመሪያውን ልብ ወለድ መጽሐፉን መጻፍ ጀመረ። የጽሑፉን ረቂቅ በየሄደበት ይዞ እየዞረ ቈይቶ በ1895 ዓ.ም. አሳተመው። እንግሊዝ አገር ከወረደ ዐሥራ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። ከዚያ በኋላ ሎርድ ጂም በ1900፥ ኖስትሮሞ በ1904 ዓ.ም. ታተሙ። ዝናው ቢሰፋም መጻፍ አልቀለለለትም፤ አንዲቱን ገጽ ደጋግሞ እየሰረዘ እጅግ ይደክምባት ነበር። አነጋገሩም እስከ ዕለተ ሞቱ የፖላንዳዊ አነጋገር ሆኖ ቀረ።

የአገሩንም ቋንቋ አልጣለም፤ አጎቱ በ1894 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ በፖላንድ ቋንቋ ይጻጻፉ ነበር። በ1914 ዓ.ም. ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ የልጅነት አገሩን ጐበኘ። በ1924 ዓ.ም. በስድሳ ስድስት ዓመቱ ዐርፎ በካንተርበሪ ተቀበረ።

በክፍል ውስጥ አነጋገሬ ያሥቅብኛል ብለን ዝም የምንል ብዙዎች ነን። ኮንራድ ግን አንደበቱ እስኪቃና ድረስ ቢጠብቅ ኖሮ አንድ መጽሐፍ እንኳ ባልጻፈ ነበር።