የማይመለስ ጉዞ፦ የኦኔሲሞስ ነሲብ ሕይወት



እኛ የኪራሙ ወጣቶች ጉባኤ በተደረገ ቁጥር እናለቅሳለን፤ ከእንግዲህ አዲስ ሰው እንሆናለን ብለን ቃል እንገባለን። የታጨደው ጤፍ ሳይወቃ ግን ወደ ቀድሞው ሐሜት፣ ጠብና ስንፍና እንመለሳለን። ከዚያም አፍረን ከኅብረቱ የምንርቅ አለን። ለውጥ የሚጸናው እንዴት ነው? ለዚህ ጥያቄ በዚሁ በወለጋችን ያገለገሉትን የኦኔሲሞስ ነሲብን ሕይወት እንመልከት። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ኦኔሲሞስ በ1850ዎቹ ዓመታት በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አካባቢ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ያወጡላቸው ስም ሂካ ነበር፤ ኦሮምኛ የምናውቅ እንደምንረዳው መፍታትንም መተርጎምንም ያመለክታል። ገና ልጅ ሳሉ ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዷቸው። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ምጽዋ ደረሱ፤ በ1870 በዚያ ነፃ ወጡ። ራሳቸውን ነፃ ያወጡት እርሳቸው አይደሉም፤ ሌላ ሰው ነፃ አወጣቸው። በስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብተው በ1872 በትንሣኤ በዓል ተጠመቁ። ስማቸውም ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈለት ባሪያ ስም ተጠራ፤ ትርጉሙ ጠቃሚ ማለት ነው።

እንግዲህ ነፃነቱ በአንድ ቀን ተገኘ፤ ጠቃሚ ለመሆን ግን ዕድሜ ልክ ፈጀ። በስዊድን አገር ተምረው በ1881 በሱዳን በኩል ወደ ወገኖቻቸው ለመግባት ተነሡ። መንገዱ አልተከፈተም፤ በሽታም ጸናባቸውና ተመለሱ። ይህ ሁሉ ሲሆን ጥሪያቸው ሐሰት ነበር ብለው አልተዉም። በምጽዋ አጠገብ በምኩሉ ተቀምጠው መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ያዙ። ብቻቸውንም አልሠሩም፤ እንደ እርሳቸው ከባርነት የወጣች አስቴር ጋኖ ቃላት በመሰብሰብና በመተርጎም ረዳቻቸው። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ሂካ የተባለው ልጅ በእውነት ተርጓሚ ሆነ።

ወደ ወለጋ የገቡት በ1904 ነው፤ ነፃ ከወጡ ከ34 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በነቀምቴ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር ተቀብለዋቸው ትምህርት ቤት ከፈቱ። በ1906 ግን ተከሰሱ፤ ስብከትም ተከለከሉ። እስከ 1916 ድረስ፣ ልጅ ኢያሱ እስኪፈቅዱላቸው፣ በትዕግሥት ቆዩ። በ1931 ነቀምቴ ላይ እስኪያርፉ ድረስ ከአገልግሎታቸው አልወጡም።

ወገኖቻችን ሆይ፣ ከዚህ ምን እንማራለን? አንደኛ፣ መጀመሪያው ጸጋ ነው፤ ነፃ የወጣነው በራሳችን ብርታት አይደለም። ሁለተኛ፣ ለውጥ በአንድ ሌሊት ልቅሶ አያልቅም፤ በየቀኑ በእጃችን ያለውን ትንሽ ሥራ መሥራት ይጠይቃል። ኦኔሲሞስ መንገድ በተዘጋባቸው ጊዜ ቃል በቃል እየተረጎሙ ቆይተዋል። ሦስተኛ፣ ብቻችንን አንጸናም፤ ጓደኛ ያስፈልገናል።

ስለዚህ ወድቀህ ያፈርክ ወንድም፣ ቃልሽን ያልጠበቅሽ እህት፣ ከመንገድ መመለስ የጥሪ መጨረሻ አይደለም። በሚመጣው እሑድ ቦታችሁ ይጠብቃችኋል። እኛም ካጠገባችን የጠፉትን ሄደን እንጥራ። ለዚህም እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።