ማድስ ክላውሰንና የማስፋፊያ ቫልቭ

በማቀዝቀዣ ሥራ የተሠማራ ባለሙያ ዴንማርካዊውን ማድስ ክላውሰንን በስሙ ባያውቀው እንኳ በሥራው ያውቀዋል። ዳንፎስ የሚለው ስም ያለበትን ቫልቭ ያልገጠመ ወይም ያላስተካከለ ቴክኒሺያን ጥቂት ነው።

ክላውሰን እ.ኤ.አ. በ1905 በአልስ ደሴት፣ በኖርድቦርግ አጠገብ፣ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። ደሴቲቱ ከ1864ቱ ጦርነት ወዲህ በጀርመኖች እጅ ስለነበረች ልጅነቱን ያሳለፈው በባዕድ አገዛዝ ሥር ነው። በ1920 በሕዝበ ውሳኔ ወደ ዴንማርክ ስትመለስ የ14 ዓመት ልጅ ነበር። በኦዴንሰ ከተማ የቴክኒክ ትምህርቱን በ1927 ፈጽሞ በማቀዝቀዣ መሣሪያዎች ሥራ ተቀጠረ።

በዚያን ጊዜ የማስፋፊያ ቫልቭ በብዛት የሚመጣው ከአሜሪካ ነበር። የዓለም ኢኮኖሚ ቀውስ በደረሰ ጊዜ ዴንማርክ ከ1932 ጀምሮ የውጭ ምንዛሪን ስለተቆጣጠረች ዕቃውን ማስመጣት አስቸጋሪ ሆነ። ክላውሰን ቫልቩን የፈለሰፈ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን በአገር ውስጥ ሊሠራ እንደሚችል አመነ። በ1933 በወላጆቹ ቤት ጣሪያ ሥር ባለች ክፍል ሥራውን ጀመረ። ድርጅቱ ከ1946 ወዲህ ዳንፎስ ተባለ።

በሙቀት የሚታዘዘው የማስፋፊያ ቫልቭ አሠራር በሦስት ኃይሎች ሚዛን ላይ የተመሠረተ ነው። ቡልብ በተባለው ዝግ ዕቃ ውስጥ ያለው ግፊት ቫልቩን ለመክፈት ሲገፋ፣ የኢቫፖሬተሩ ግፊትና የሞላው ኃይል ለመዝጋት ይገፋሉ። ቡልቡ የሚለካው ከኢቫፖሬተሩ የሚወጣው ጋዝ ከትነቱ ሙቀት ምን ያህል እንደበለጠ ነው። ስለዚህ ቫልቩ የቱንም ያህል በጥንቃቄ ቢሠራ፣ ቡልቡ የተሳሳተ ወሬ ካደረሰው የተሳሳተ ሥራ ይሠራል። ከፋብሪካው የወጣው ትክክለኛነት የሚጸናው ወይም የሚፈርሰው በገጣሚው እጅ ነው።

ይህ በተለይ የሚታየው የሙቀት መለዋወጫ ባለበት ተከላ ነው። መለዋወጫው ከኮንደንሰር የሚመጣውን ሞቃት ፈሳሽ ወደ ኮምፕሬሰሩ በሚመለሰው ቀዝቃዛ ጋዝ ያበርደዋል፤ ጋዙም በዚያው ይሞቃል። ለምሳሌ ትነቱ በ-10 ዲግሪ ሲካሄድ ጋዙ ኢቫፖሬተሩን በ-4 ዲግሪ ቢለቅ ትርፍ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ነው። ከመለዋወጫው በኋላ ግን ያው ጋዝ 10 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ቡልቡ በዚህ ቦታ ቢታሰር ትርፉን 20 ዲግሪ አድርጎ ይቈጥራል፤ ቫልቩም ኢቫፖሬተሩ የተራበ መስሎት ከመጠን በላይ ይከፈታል። ኢቫፖሬተሩ በፈሳሽ ይጥለቀለቃል፤ ቫልቩ በመክፈትና በመዝጋት መካከል ይዋልላል፤ ጭነቱም ሲለዋወጥ ፈሳሽ ወደ ኮምፕሬሰሩ ደርሶ ሊሰብረው ይችላል።

ስለዚህ የቡልቡ ቦታ በኢቫፖሬተሩና በመለዋወጫው መካከል፣ ለኢቫፖሬተሩ በቀረበ አግድም ቧንቧ ላይ ነው። በቀጭን ቧንቧ አናቱ ላይ፣ በወፍራም ቧንቧ በጎኑ ይታሰራል እንጂ ከሥር አይታሰርም፤ ከሥር የሚፈሰው ዘይት ልኩን ያዛባዋልና። ቧንቧው ተጠርጎ፣ ቡልቡ በብረት ማሰሪያ ጠብቆና ከውጭ አየር ተሸፍኖ መቀመጥ ይኖርበታል።

ክላውሰን ይህንኑ ሐሳብ ወደ ቤት ማሞቂያም አሻግሮ በ1943 የራዲያተር ቴርሞስታትን ፈጠረ። ይህም መሣሪያ በመጋረጃ ሲሸፈን የክፍሉን ሳይሆን የመጋረጃውን ጓዳ ሙቀት ይለካል። በ1966 በ60 ዓመቱ ሲያርፍ ባለቤቱ ቢተን ኃላፊነቱን ተረከበች፤ ያቋቋመው ድርጅትም ዛሬ በብዙ አገሮች ይሠራል።

ዛሬ በብዙ ተከላዎች የቡልቡን ቦታ የኤሌክትሮኒክ ሙቀት መለኪያ ወስዶታል። መለኪያው ቢለወጥም የሚለካበት ቦታ አልተለወጠም፤ ከኢቫፖሬተሩ በኋላ፣ ከመለዋወጫው በፊት ነው።