ፈትሐ፣ ፈታ፣ ፍች፦ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሕይወትና የአንድ ግሥ ጕዞ

ፈታ የተሰኘው ግሥ ገመድንም ትዳርንም ይፈታል። ዳኛ እስረኛን፣ ሽማግሌ ሕልምን፣ መካኒክ ሞተርን ይፈታል፤ ሕፃን አፉን ይፈታል፤ ጦር ተፈታ ሲባል ተሸንፎ ተበተነ ማለት ነው፤ ሥራ ያጣም ሰው ሥራ ፈታ ይባላል። እንቆቅልሽና ቅኔም መልስ ሲያገኙ የሚፈቱት በዚሁ ግሥ ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ የግሡን ብዙ ፍች የሚመለከተው ከአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የሕይወት ታሪክ ጋር አያይዞ ነው። አለቃ ኪዳነ ወልድ እንዲህ ያሉ ቃላትን ከነሥራቸው ለመመዝገብ ዕድሜያቸውን የሰጡ ሊቅ ናቸውና።

ኪዳነ ወልድ በ1862 ዓ.ም. ገደማ በሸዋ ተወለዱ። የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት ከቀሰሙ በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ተሻግረው ለብዙ ዓመታት በዚያ ኖሩ። የሕይወታቸውን አቅጣጫ የወሰነው በዚያ ከመምህር ክፍለ ጊዮርጊስ ጋር መገናኘታቸው ነው። ክፍለ ጊዮርጊስ ቀደም ሲል በሮም ለኢጣሊያዊው ሊቅ ለኢኛሲዮ ጕዊዲ የአማርኛ መምህር የነበሩ ሲሆኑ፣ ጕዊዲ እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በ1901 ላሳተመው የአማርኛና የኢጣሊያንኛ መዝገበ ቃላት ዕውቀታቸው ትልቅ ድጋፍ ሆኗል። ሆኖም ያ መጽሐፍ የተሰናዳው ለአውሮፓ አንባቢ ነበር። ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት ግን ግእዝን ለአገሩ ሰው በአማርኛ የሚፈታ መዝገብ ነው። ሳይፈጽሙት ግን ዐረፉ፤ ሥራውም በደቀ መዝሙራቸው ትከሻ ላይ ወደቀ።

ኪዳነ ወልድ ለዚህ ሥራ የበቁት በምን ምክንያት እንደ ሆነ ለመረዳት የቅኔ ቤትን ሥርዓት ማስታወስ ይገባል። የቅኔ ተማሪ ግሥንና ርባ ቅምርን ሳያጠና ቅኔ አይቈጥርም። ኅብር የሚባለው የቅኔ ዓይነት የሚቆመው ሁለት ፍች በያዘ አንድ ቃል ላይ በመሆኑ፣ የግሥን ፍች አሟጦ የማያውቅ ሰው ሰሙን ይዞ ወርቁን ይለቃል። በጨዋታ እንቆቅልሽም መላሹ ቃሉ የተሰወረበትን ሌላ መንገድ ካላየ አገር ሰጥቶ ይሸነፋል። ለምሳሌ ዳኛው ሚስቱን ፈታ ብንል ሰሚው ስለ ፍች ያስባል፤ ሴቲቱ ታስራ እንደ ነበር የሚያውቅ ግን ነጻ መውጣቷን ይሰማል። ዐረፍተ ነገሩ አንድ ፊደል እንኳ ሳይለወጥ ትዳሩ በአንዱ ጆሮ ፈርሷል፣ በሌላው ጆሮ ቆሟል።

የእንቆቅልሽ ባለቤት ለመሰወር የሚጠቀምበትን ይህን ብዝኃ ፍች መዝገበ ቃላት አዘጋጁ ሊገልጠው ይገደዳል። ፍቾቹን ቈጥሮ መደርደር ቀላል ነው፤ ኪዳነ ወልድ ግን ዘሩን በግሡ አንቀጽ ሥር ሰብስበው፣ ቃላትን ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብኛ ዘመዶቻቸው ጋር ማነጻጸርን መረጡ። በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ እምነት ጥቅሙ እንደ ፈታ ባለ ቃል ላይ ጐልቶ ይታያል። የአማርኛው ፈታ ከግእዙ ፈትሐ ሲመጣ ሐን ጥሏል፤ ፍትሕ፣ መፍትሔና ፍትሐት ግን ይዘውታል። አማርኛውን ብቻ የሚያይ ሰው የባልና ሚስት ፍች ከፍርድ ቤቱ ፍትሕ ጋር ወንድማማች መሆኑን አያስተውልም። የዕብራይስጡም የዐረብኛውም አቻ መክፈትን ያመለክታል፤ በግእዝም መፍትሕ ቍልፍ ነው። ከመክፈት ወደ ማላቀቅ፣ ከማላቀቅ ወደ ኀጢአት ሥርየት፣ ከዚያም የተቋጠረ ክርክርን ወደ መለየት የሚወስደው መንገድ ሥሩ ሲገኝ ይታያል። ፍትሐ ነገሥት የሚለው የታወቀ ስምም ከዚሁ ግንድ የበቀለ ነው።

ኪዳነ ወልድ ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ የትንቢተ ሕዝቅኤልን ንባብና ትርጓሜ አዘጋጅተው በ1916 ዓ.ም. ታትሟል። ይህ ብቻውን ለአንድ ሊቅ በቂ ስም ነበር፤ ከመምህራቸው የተረከቡትን መዝገብ ግን አልተዉትም። ይሁን እንጂ በ1936 ዓ.ም. ሲያርፉ ሥራው ለኅትመት አልበቃም ነበር። አደራው እንደ ገና ወደ ሦስተኛ እጅ፣ ወደ ደቀ መዝሙራቸው ወደ ደስታ ተክለ ወልድ ተላለፈ። መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ በአዲስ አበባ የታተመው በ1948 ዓ.ም.፣ ኪዳነ ወልድ ካረፉ ከ12 ዓመት በኋላ ነው። ደስታ የራሳቸውን የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተሙት ከዚያ በኋላ በ1962 ዓ.ም. ነበር።

መምህርና ደቀ መዝሙር ሁለቱም የተከተሉት የፊደል ተራ በሀለሐመ ለለመደ አንባቢ እንግዳ የሆነውን አበገደን ነው። ምርጫው ከሌሎቹ ሴማዊ ቋንቋዎች ጋር ለማነጻጸር የተመቸ ቢሆንም መጽሐፉን ከብዙ ተማሪ እጅ እንዳራቀው መካድ አይቻልም። ፈትሐን የሚሻ ሰው እንደ ለመደው በመጨረሻዎቹ ገጾች ቢፈልግ አያገኘውም፤ ፈ የተቀመጠችው ከዐ ቀጥላ ነውና።