13 ሄደው 13 የተመለሱበት ጉዞ

በዚህ መጽሔት ስለ አንድ የኖርዌይ ሰው ልናወጋችሁ አስበናል። እኚህ ሰው ሦስት ዓመት የፈጀ የበረዶ ባሕር ጉዞ መርተው አንድም ሰው ሳያስቀብሩ የተመለሱ ናቸው። ዘመኑን የጻፍነው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ዶክተር ፍሪድትዮፍ ናንሰን የተወለዱት በ1861 ዛሬ ኦስሎ በምትባለው ከተማ አጠገብ ነው። በ1882፣ ገና በ20 ዓመታቸው፣ በአዳኞች መርከብ ተሳፍረው የሰሜኑን በረዶ አዩ። በ1888 ደግሞ ከአምስት ጓደኞቻቸው ጋር ግሪንላንድን አቋረጡ።

ዋናው ነገር የመጣው ከስብርባሪ ነው። ጃኔት የምትባል የአሜሪካ መርከብ በ1881 ከሳይቤሪያ በስተሰሜን በረዶ ጨፍልቋት ሰጠመች። ከሦስት ዓመት በኋላ ዕቃዋ ግሪንላንድ ዳርቻ ተገኘ። ታዲያ እዚያ ድረስ ማን ወሰደው? በረዶው ራሱ ይጓዛል ማለት ነው። ናንሰንም በረዶውን መታገል ትተው፣ ተሸክሟቸው እንዲሄድ ቆረጡ። በ1892 ለንደን ላይ ሐሳባቸውን ሲያስረዱ ከአንጋፋዎቹ የዋልታ ተጓዦች ብዙዎቹ አይሆንም አሏቸው። እሳቸው ግን ፍራም የምትባል መርከብ አሠሩ፤ ሆዷ እንደ ቅል ክብ ስለሆነ በረዶው ሲጨምቃት ወደ ላይ ትወጣለች።

በጁን 1893 ተነሥተው በሴፕቴምበር በረዶው ያዛቸው። ከዚያ በኋላ ሥራው መለካት ብቻ ነው። ባሕሩ ጥልቅ አይደለም ተብሎ ይገመት ስለነበር የያዙት ገመድ አልደረሰም፤ የመርከቧን የብረት ገመድ ፈትተው፣ ሽቦውን ቀጣጥለው ቢሰዱት ከ3,000 ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ። ከቀዝቃዛው ውሃ ሥርም ከአትላንቲክ የሚመጣ ሞቅ ያለ ውሃ አገኙ። በረዶውም ነፋሱን ቀጥ ብሎ አይከተልም፤ ወደ ቀኝ ዘመም ይላል። ይህ ከምድር መዞር የሚመጣ መሆኑን ኤክማን የተባለ ስዊድናዊ በኋላ በሒሳብ አስረዳ። እኛማ ዕድሜያችንን በመዝገብ የጨረስን ስለሆንን፣ በዚያ ብርድ መዝገቡ መያዙ ነው የገረመን።

በማርች 1895 ናንሰን መርከቧ ዋልታው ጋ እንደማትደርስ ሲያውቁ ለስቨርድሩፕ አስረክበው፣ ዮሃንሰን የሚባለውን ይዘው ውሾች በሚስቡት ጋሪ ወጡ። እንደኛ እንደኛ ይኼ ልክ አልነበረም፤ አለቃ ሰዎቹን ትቶ አይሄድም። 86 ዲግሪ ከ14 ደቂቃ ድረስ ዘልቀው (ያን ጊዜ ማንም ያልደረሰበት ነው) ተመለሱ። የሁለቱም ሰዓት ሳይሞላ ቀርቶ ቆመባቸው። ውሾቹን አንድ በአንድ እያረዱ ለቀሩት አበሉ። የጨለማውን ወራት በድንጋይ ጎጆ ውስጥ የድብ ሥጋ እየበሉ አሳለፉ። በኋላም ጀልባዎቻቸው ከነዕቃቸው ተንሳፈው ሲሄዱ ናንሰን በረዶ ውሃ ውስጥ ገብተው፣ ዋኝተው መለሷቸው። በጁን 1896 ጃክሰን የተባለ እንግሊዛዊ ድንገት አገኛቸው። በኦገስት ፍራምም ከበረዶው ወጣች፤ 13ቱም ተሟልተው አገራቸው ገቡ።

ከዚያ በኋላ የባሕር ትምህርት ፕሮፌሰር ሆኑ። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላም በመንግሥታት ማኅበር ተሹመው ከ400,000 በላይ ምርኮኞችን ወደየቤታቸው አስገቡ፤ አገር ለሌላቸው ስደተኞች በስማቸው የሚጠራ ፓስፖርት አሰጡ። በ1922 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ።

ያረፉት ሜይ 13 ቀን 1930 በቤታቸው ነው። ሽኝታቸው በአገራቸው የብሔራዊ በዓል ቀን፣ ሜይ 17፣ በመንግሥት ወጪ ተደረገ። አስከሬናቸው ተቃጥሎ (ለእኛ እንግዳ ነገር ነው) አመዱ በገዛ ግቢያቸው ዛፍ ሥር ተቀበረ።